አባባ ያልሰማው ስም

ትናንት ጠዋት ከኦክላንድ ወደ ሥራ ስነዳ የሬድዮው ዜና አንባቢ ማራቶን የተሮጠበትን የፈረንሳይ ከተማ ስም በአፍንጫው አሽሞንሙኖ ጠራና፣ ያሸነፈችው የአገሬ ልጅ ስም ላይ ሲደርስ ተንተባተበ፣ ሳቀ፣ «ብቻ ገብቷችኋል» ብሎ ወደ አየር ጠባዩ አለፈ። ሬድዮውን ብዘጋውም ሳቁ ጆሮዬ ላይ ቀረ፤ የማውቀው ሳቅ ነውና።

እህቴ ፅጌረዳ ሳን ሆዜ ሃይስኩል ስትጨርስ እኔ ገና ኤለመንተሪ ነበርኩ። አባባ ሚልፒታስ ካለው የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ለምረቃዋ ኦፍ ወስዶ፣ ሱፉን ለብሶ፣ የቪዲዮ ካሜራ ተውሶ፣ ፀሐይ ባጋለው የስታዲየም ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ስሟን ያወጣላት እሱ ነው፤ ሁላችንም ፅጌ ስንላት እሱ ለእራት ሲጠራት እንኳ «ፅ»ዋን ረገጥ አድርጎ ሙሉውን ነበር የሚለው። እንግሊዝኛው እምብዛም ስለሆነ፣ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል የሚጠብቀው ያንን አንድ ስም ብቻ ነው።

ስም ጠሪው እሷ ጋ ሲደርስ «ቲሲጂ...» ብሎ ጀመረና፣ ይቺንስ ትቻታለሁ ብሎ ሳቀ፤ ስታዲየሙም አብሮት ሳቀ። አባባም ሰው ሲስቅ አይቶ ፈገግ አለ። እኔ መድረኩ ላይ የእህቴን አረማመድ ለይቼ ልነግረው አፌን ስከፍት፣ «ቆይ ዝም በይ፣ ስሟ እንዳያልፈኝ» አለኝ።

የመጨረሻው ልጅ እስኪጠራ ጠበቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ቀስ ብሎ፣ «ልጄን ረሷት እንዴ?» አለ።

የተሳቀው እሷ ስም ላይ እንደነበር ነገርኩት። እህቴ ዲፕሎማዋን ይዛ ስትመጣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ስሟን ከነአያቷ ጮክ ብሎ ጠራት፤ እሷም ዙሪያዋን ቃኝታ፣ አፍራ፣ በእንግሊዝኛ ቀስ እንዲል ለመነችው። ያ ስም ጠሪ ያን ማታ ነገሩን ለቤተሰቡ እያሳቀ አውርቶት ይሆናል። ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል።

በዚያው ሰመር ሥራ ስትጀምር ደረቷ ላይ «ሴጅ» የሚል ባጅ አደረገች። አሁን ካምቤል ከተማ ውስጥ ባሏም ጎረቤቶቿም የሚያውቋት በዚሁ ነው፤ ሙሉውን የሚጠራት አንድ ሰው ነበር፣ እሱም ካረፈ ቆየ። ትናንት ከሥራ ስወጣ ደወልኩላትና «ፅጌረዳ» አልኳት።

«እስኪ ድገሚው» አለችኝ።

ደገምኩላት፤ እንደ አባባ ግን አልሆነልኝም።