እንድርያስ አስተናጋጁን ያጎረሰበት እሁድ

ይህን ጻፈው ያለችኝ የእንድርያስ ልጅ ሜሪ ናት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ረጅም ነገር ጽፌ አላውቅም። «ጋሽ ሀምዱ፣ አባቴ አጠገብ የነበርከው አንተ ነህ፤ እንደምታወራው አድርገህ ጻፈው» አለችኝ። እንደማወራው ነው እንግዲህ።

እንድርያስና እኔ ሚዛን ከተማ ቡና መቀሸሪያ ቤት ጆንያ እንሸከማለን። እሱ የሸኮ ሰው ነው፣ እኔ ከጅማ በኩል የመጣሁ። ሚስቱ የሞተችበት ሜሪ ገና ሳትራመድ ነው። ሌላ አላገባም። በትከሻው አሳድጎ ዩኒቨርሲቲ አስገባት። አንድ ጠባይ አለው፤ እሱ ባለበት ሰው ቆሞ ሌላው አይበላም። ምሳችንን ከፍተን አንድ ሰው በአጠገባችን ካለፈ፣ የሚያውቀው ይሁን አይሁን፣ «ና ቁጭ በል» ይለዋል። ካልተቀመጠ እሱም አይጎርስም።

አማርኛ ላይ ግን «አንተ» እና «እርስዎ» ይምታታበታል። ዋናውን አለቃ አንተ ይለዋል። አንድ ቀን መንገድ የዘጋችበትን ፍየል «እባክዎ ይነሱ» ሲላት ሰምቼ ጆንያ ከትከሻዬ ወድቋል።

ሜሪ ዩኒቨርሲቲ ብሩክ ከሚባል ልጅ ጋር ተዋወቀች። አባቱ አቶ ዓባይነህ ከማሻ ተዛውረው የመጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ እናቱ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ወላጆች ይተያዩ ተባለ። ቦታው አዲስ የተከፈተው ትልቁ ሬስቶራንት፣ እሁድ ምሳ።

ሜሪ አባቷን የለመነችው አንድ ነገር ነው፤ ብዙ እንዳያወራ። እሱም እኔ ዘንድ መጣ።

«አንተ አብረኸኝ ትሄዳለህ። ሲጠይቁኝ አንተ መልስ» አለኝ።

«እኔ ሰው ፊት አፌ ይታሰራል እኮ።»

«ያንተ ይታሰራል። የእኔ ሲፈታ ነው ጉዱ። አባትየውን አንተ ካልኩት ልጄ ሳታገባ ትቀራለች።»

ሄድን። ገና ስንገባ ደነገጥኩ። ውጭ ፀሐይ እያለ መጋረጃው ተዘግቶ መብራት በርቷል። ሁሉም በሹክሹክታ ነው የሚያወራው፤ ለቅሶ ቤት የገባን መሰለኝ። ሜሪ ከብሩክና ከወላጆቹ ጋር ቀድማ ተቀምጣ ነበር። አስተናጋጁ፣ ጺሙ ሽበት የጀመረው ሰው ነው፣ ነጭ ጨርቅ ዘርግቶ እንድርያስ ጭን ላይ አደረገለት። እንድርያስ ከዚያ በኋላ እግሩን አላንቀሳቀሰም። ጨርቁ እንዳይወድቅ ነው።

እነሱ ጥብስና ክትፎ በአንድ ትሪ አዘዙ። እኔ ሽሮ አልኩ።

«ሽሮ ለመብላት ነው እዚህ ድረስ የመጣነው?» አሉ አቶ ዓባይነህ እየሳቁ።

«ተዋቸው እንጂ፣ ሙስሊም ናቸው፤ ሥጋችንን አይበሉም» አሉ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ።

አቶ ዓባይነህ ወደ እንድርያስ ዞሩ። «እና አቶ እንድርያስ፣ ሥራ እንዴት ነው?»

እንድርያስ እኔን አየኝ።

«ሥራ ደህና ነው» አልኩ።

«ልጅዎን ጥሩ አድርገው አሳድገዋል።»

እንድርያስ እኔን አየኝ።

«አዎ፣ አሳድገዋል» አልኩ።

«እሳቸው አይናገሩም እንዴ?»

«ይናገራሉ» አልኩ።

አቶ ዓባይነህ ወደ ሚስታቸው ጠጋ ብለው «ንቀውናል መሰለኝ» ሲሉ ሰማሁ። ሜሪም ሰማች። ፊቷ አመድ መሰለ። እንዳያበላሽ ዝም በል ያልነው ሰውዬ፣ ዝም በማለቱ እያበላሸ ነው። ምን ይደረጋል? እንድርያስ ደግሞ አልሰማም። እሱ የሚያየው አስተናጋጁን ነበር፤ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ከጎናችን ቆሟል።

«ይሄ ሰው ለምን አይቀመጥም?» አለኝ በጆሮዬ።

«ሥራው ነው።»

«እኛ ስንበላ ማየት ሥራ ነው?»

እሱም መብላት ተወ።

በመጨረሻ አስተናጋጁ ሒሳብ ይዞ ቀረበ። አቶ ዓባይነህ ኪሳቸውን እየፈተሹ «ለሱም ጉርሻ እንዳይረሳ» አሉ። ይህን ያሉት ብሩክን ነው። እንድርያስ ግን ይህን ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ብድግ አለ። ጨርቁ መሬት ወደቀ። ትሪው ላይ ከቀረው ጥብስ በእንጀራ ጠቅልሎ፣ ትልቅ አድርጎ፣ በሁለት እጁ ይዞ አስተናጋጁ አፍ ጋ አደረሰው።

«እንኩ፣ ይጉረሱ። በሞቴ።»

በሌሎቹ ጠረጴዛዎች ሹካ ሁሉ ቆመ። አስተናጋጁ ግራ ቀኝ አየ፣ የእንድርያስን እጅ አየ፣ ከዚያ አፉን ከፍቶ ጎረሰ። በሞቴ ተብሎ ምን ያድርግ።

ገና ሲያኝክ ከረባት ያሰረው ኃላፊ ደረሰ።

«ይትባረክ፣ እንግዳ ገበታ ላይ ትበላለህ? የሥራ ልብስህን አውልቀህ ወደ ቤትህ ሂድ።»

ይትባረክ የተባለው አስተናጋጅ አፉ ሙሉ ነው፤ መልስ መስጠት አልቻለም። ሜሪ የአባቷን እጅጌ ያዘች። እንድርያስ ግን አልተቀመጠም።

«አንተ፣ ስማ» አለው ኃላፊውን። «እሳቸው አልለመኑም። እሳቸው ቆመው ነበር። ጉርሻ ይሰጥ ተባለ፣ እኔ ሰጠሁ። ጥፋት ካለ እኔን ቅጣኝ፤ እሳቸውን ተው።»

ኃላፊው አንተ፣ አስተናጋጁ እሳቸው። የሰውየው ጆሮ ሲቀላ አየሁ። ለእንድርያስ ማውራቱ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ወደ አቶ ዓባይነህ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይቅርታ አድርግልኝ። ልጄ ‹አታውራ› ብላኝ ነበር። አማርኛዬ ሰው ይሰድባል፤ እኔ ግን አልሰደብኩም።»

አቶ ዓባይነህ ብሩን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ሜሪን አዩ፣ እንድርያስን አዩ።

«ዝም ያሉን ለዚህ ነው?» አሉ።

ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞሩ። «ሰውየውን ሥራው ላይ ተወው። ያጎረሱት የልጄ አማት ናቸው።»

ከዚያ ቀን ሁሉ በጣም የደነገጥኩት እዚህ ላይ ነው። አማት አሉ፤ በሰው ፊት። ብሩክን ውሃ ትን አለው።

«የዓለም፣ ሽማግሌ እኮ ገና አልላክንም» አሉ አቶ ዓባይነህ።

«ይላካል» አሉ። «ይቀመጡ አቶ እንድርያስ፤ ምንም አልበሉም።»

ኃላፊው ከረባቱን እያስተካከለ ሄደ። ይትባረክ የወደቀውን ጨርቅ አንስቶ፣ ሌላ ንጹሕ አምጥቶ እንድርያስ ጭን ላይ ዘረጋለት።

ስንመለስ ባጃጅ ላይ ነገርኩት። «ጉርሻ ያሉት እኮ ገንዘብ ነው። ለአስተናጋጅ የሚተውለትን ነው እንደዚያ የሚሉት።»

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። አሁን የደነገጠው እሱ ነው።

«ገንዘብ አፍ ውስጥ ይገባል?»

«አይገባም።»

«ታዲያ ለምን ጉርሻ ይሉታል?»

ትንሽ እንደሄድን ትከሻዬን ነካ አደረገና «አማት ያሉት እኔን ነው?» አለኝ።

«አንተን ነው።»

ከዚያ እስከ ቤቱ ድረስ ለሽማግሌዎቹ ቀን «እርስዎ» ማለት ይለማመድ ጀመር። ሲወርድ ልጅ እግሩን ባለባጃጅ «እግዜር ይስጥዎ» አለው። ልጁ ደንግጦ ሞተሩን አጠፋ።