ኧርነስት ቴበት የደፈነው የደወል ማማ

በብራምዎርዝ መንደር ኧርነስት ቴበት ያልጠገነው የድንጋይ አጥር፣ ያልነካው ጭስ ማውጫ አልነበረም። ግንበኝነቱን ከአባቱ ከአሞስ ወርሷል፤ ትዕግሥቱን ግን አልወረሰም። አሞስ ኖራውን ጉድጓድ ውስጥ በውሃ ዘፍዝፎ ወራት ሳያስቆጥር አይሠራበትም። ልጁ ያደገው በዚህ እየበገነ ነው።

በ1926 የቤተ ክርስቲያኑ ማማ የድንጋይ መጋጠሚያዎች ተቦርቡረው መታደስ ነበረባቸው። አሞስ ጉልበቱ ከድቶት ስለነበር ሥራው ለኧርነስት ተሰጠ። እሱም ሲሚንቶ አስመጣ። ሽማግሌው ከዘራ ተደግፎ እያዘገመ መጣ።

«ኧርኒ፣ ይሄ ድንጋይ እኮ ዝናብ ይጠጣል። የጠጣውን የሚያወጣው በኖራው በኩል ነው። ጥርቅም አድርገህ ከዘጋኸው በየት ይውጣ?»

«አባዬ፣ አንተ ኖራ እስክታቦካ እኔ አርጅቼ ልሞት ነው! ይሄ እኮ በማግስቱ ብረት ነው።»

«ብረትነቱን አይደል የፈራሁት።»

ቢራ ቤት የተሰበሰበው ሁሉ በአሞስ ሳቀ። ኧርነስትም አብሮ ሳቀ፤ ይሄን ይቅር ለማለት እኔ ራሴ ይከብደኛል። ሥራው በአንድ በጋ አለቀ፣ አማረም። አሞስ በዚያው ክረምት ሞተ።

ሠላሳ አራት ዓመት አለፈ። ከአንድ ክፉ ውርጭ በኋላ ከማማው የድንጋይ ፍርፋሪ ግቢው ውስጥ ባሉት መቃብሮች ላይ ይዘንብ ጀመር። አርክቴክቷ ሚስ ጋሮድ ተጠርታ መጣች። ኧርነስት መሰላሉን ያዘላት። ወጥታ ድንጋዩን በቁልፏ ጫር ብታደርገው እንደ ዱቄት ፈሰሰ። ሲሚንቶው ግን ማሩ እንደወጣለት ሰፈፍ ባዶውን ተገትሮ ቆሟል።

«ዕድሜ ነው እንጂ!» አሉ ቄስ ፔል ከታች። «ስድስት መቶ ዓመት ቀላል ነው?»

«ዕድሜ አይደለም» አለች ሚስ ጋሮድ ከላይ። «ውሃው መውጫ አጥቶ ውስጥ ውስጡን በልቶታል። ሲሚንቶው ላይ ላዩን ከሆነ ፈልቅቀን በኖራ እንተካዋለን፣ ማማው ይተርፋል። ጠልቆ ከሆነ ድንጋዩን ይዞ ነው የሚወጣው። ማን እንደሠራው የሚያውቅ አለ?»

ቄሱ ትከሻቸውን ሰበቁ። ኧርነስት ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም ነበር፤ የሚያስታውሱት ሁሉ እዚያው ግቢ ተቀብረዋል። በመንደሩ ያለው ሀብት መልካም ስሙ ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ» አለ።

ሚስ ጋሮድ ወረደች። አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ፊቷ ላይ ተስፋ ነበር። «ምን ያህል ወደ ውስጥ አስገቡት፣ ሚስተር ቴበት?»

«አሮጌውን ኖራ ጠርጌ አውጥቼ፣ ስምንት ጣት።»

«ሁሉም ቦታ? ላይኛው ጋ፣ ሰው የማያየው ቦታ ላይ? ደክሞዎት ያሳሱበት የለም?»

«የትም አላሳሳሁም። እኔ ሥራ ላይ ለግሜ አላውቅም።»

ማማውን ቀና ብላ አየችው። ማስታወሻ ደብተሯንም ዘጋች።

«ምነው ለግመው በነበረ» አለች።