አንድ ጭልፋ መረቅ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ገብረመንፈስቅዱስን በሙሉ ስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነበር። በፋብሪካው የምግብ አዳራሽ ምሳቸውን ከእጁ የሚቀበሉት ሠራተኞች «ኩባው» ይሉታል፤ ሚስቱ በሰለች ደግሞ ሲደላት «ገብሬ»፣ ሲከፋት «አንተ ሰውዬ» ትለዋለች። ኩባን ግን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። የጎረቤላ ገበሬ ልጅ ነው። በአብዮቱ ሰሞን በሚሊሻነት ተመልምሎ ሲሄድ፣ ጠመንጃ ይይዛል የተባለው እጁ አሰብ ወደብ ላይ ጭልፋ ይዞ ቀረ። በዚያው ሰሞን ሞተሩ ተበላሽቶ ወደቡ ላይ የከረመ አንድ የኩባ መርከብ ነበር። የመርከቡ ወጥ ሠሪ፣ ኦርላንዶ የሚባል ግዙፍ ሰው፣ ወደ ወታደሮቹ ወጥ ቤት ቃሪያ ሊለምን ይመጣል። ቃሪያው አወዳጃቸው።

ኦርላንዶ ካሪቢያን በሚባለው ባሕር ዳርቻ የሚበላ አንድ ምግብ አስተማረው። ዓሣና ጋምበሪ፣ በነጭ ሽንኩርትና በሚያቃጥል ቃሪያ፣ በወተት ስልባቦት ተንተክትኮ ከፓስታ ጋር የሚታሽ ነው። ጋምበሪ ማለት ያ ጢማሙ፣ እግረ ብዙው፣ እሳት ሲነካው እንደ በርበሬ የሚቀላው ትንሽ የባሕር ፍጥረት ነው። ኦርላንዶ ከቅመም ሁሉ የሚያስበልጠው አንድ ደረቅ ቅጠል ነበረው። ገብሬ ቢያሸተው ጊዜ ሳቁ አመለጠው፤ የአንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ሰው የሚረግጠው ጦስኝ ነው።

ከውትድርና ተሰናብቶ ሲመለስ ያንን ሙያ ይዞ ተመለሰ። ግን ለማን ያሳየው? በፋብሪካው ቀን ከቀን ምስርና ጎመን ነው። ሰው የሚያውቀውን የሚያሳይበት ቦታ ሲያጣ፣ እውቀቱ እንዳልታለበች ላም ጡት ያመዋል። ገብሬ ስለዚያ ምግብ ያላወራለት ሰው አልነበረም፤ ከሰሚዎቹ ሁሉ ሳይሰለች ያዳመጠው ግን ረሺድ ብቻ ነው።

ረሺድ የአልዩ አምባ ልጅ፣ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና የሚነዳ ሾፌር ነው። አባቶቻቸው በአልዩ አምባ ገበያ የተገናኙ ወዳጆች ነበሩ፤ የደጋው ገብስ ይዞ ይወርዳል፣ የቆላው ጨውና ጥጥ ይዞ ይጠብቃል። ልጆቹም ወዳጅነቱን ወረሱ። ሆኖም ሁለቱ ወንድማማቾች ነን ሲሉ የኖሩ ሰዎች የደስታ ምግብ ከአንድ ሳህን ቀምሰው አያውቁም። ሽሮና ክኩን አብረው በልተዋል። የደስታ ምግብ ግን ሥጋ ነው፤ ሥጋ ቢላዋ ይጠይቃል፤ ቢላዋውም «በስመ አብ» የሚል ወይ «ቢስሚላህ» የሚል አፍ ይጠይቃል። በረሺድ ሠርግ ለክርስቲያኖቹ ለብቻ ታረደ፤ በገብሬ ሠርግ ለእስላሞቹ ለብቻ። ሁለቱም ዳስ ሞቅ ያለ ነበር፤ ሁለት ዳስ መሆኑ ግን አልቀረም።

«ዓሣ ግን ቢላዋ አይጠይቅም» አለ ረሺድ አንድ ቀን፣ የመኪናውን ጎማ በእግሩ እየመታ። «እሱን አላህ ራሱ አርዶ ነው የሰጠን። ከአሰብ ይዤልህ እመጣለሁ። አንተ ትሠራለህ፣ ካንድ ሳህን እንበላለን። ምላስህ የሚያወራውን እጅህ ይችለው እንደሆነ እናያለን።»

«ጣትህን እንዳትቆረጥም ብቻ!» አለ ገብሬ።

ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ላይ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ባለው የፍስክ ወራት፣ በአንድ እሑድ ረፋድ ረሺድ ከነበረዶ ሣጥኑ ከተፍ አለ። ገብሬ ከቀበሌ ሱቅ ያገኘውን ፓስታ አስቀምጦ፣ ከጎረቤት ወተት ስልባቦቱን ሲያጠራቅም ሰንብቷል። በሰለች ሣጥኑ ውስጥ አጮልቃ አየችና ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

«ወይ ጉድ! ይኼን የባሕር አንበጣ ነው የምትበሉት? ቅርፊትና ክንፍ የሌለውን ኦሪት ከልክሏል።»

«የማትበዪው ሃይማኖትሽ ከልክሎሽ ነው ወይስ ፈርተሽ?» አላት ረሺድ።

«ሁለቱም! እናንተ ግን ይኼን ሰው አሰብ ወስዳችሁ አበላሻችሁብኝ።»

«እኛ አይደለንም፤ ኩባዎቹ ናቸው። እኛማ ጨው ብቻ ነው ያስለመድነው።»

ሳቁ። በሰለች ሌላው ምድጃ ላይ ለአንዲት አራስ ጎረቤታቸው የአጥንት መረቅ ጥዳ ነበርና፣ እሳቱን አስተካክላ ወደ አራሷ ቤት ብቅ ልትል ወጣች። ረሺድም የቀትሩ የዙሁር ሰላት ደርሶ ስለነበር ውሃ ጠየቀ። በሰለች ከመውጣቷ በፊት ንጹሕ ጋቢ አንጥፋለት ነበር፤ እጁንና እግሩን ታጥቦ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ።

ገብሬ ብቻውን ቀረ። ሽንኩርቱን አቁላላ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ጨመረ፣ ቃሪያውን ደቁሶ ነሰነሰ፣ ጦስኙን በመዳፉ አሽቶ በተነ። ቤቱ አሰብን አሰብን ሸተተው። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኦርላንዶ የጋምበሪውን ልጣጭ ጠብሶና ቀቅሎ መረቁን ያወጣ ነበር፤ የምግቡ ነፍስ ያ ነው። የረሺድ መኪና ግን ደብረ ሲና ኬላ ላይ ለፍተሻ ቆሞ ስለዋለ፣ ሥጋው ደኅና ቢሆንም ልጣጩ መሽተት ጀምሮ ነበርና ገብሬ ደፍቶታል። በውሃ ሞከረው። ስልባቦቱን ጨምሮ ቀመሰ። ወተቱ ለብቻው፣ ቃሪያው ለብቻው፣ ባሕሩ ለብቻው ቆመዋል። እንደ ተጣሉ ዘመዳሞች አይተያዩም።

ከጎኑ የአጥንቱ መረቅ ይንተከተካል። ወጥ ሲቀጥን እጁ ወደ መረቅ መሄድ የለመደው ዛሬ አይደለም። ጭልፋው ገባ፣ ወጣ፣ ተገለበጠ። ወጡ ወዲያው ያዘ።

በኋላ ራሱን ብዙ ጊዜ የጠየቀው ይህንን ነው፦ እጁ ነበር ወይስ ልቡ? እጁ ነው እንዳይል፣ ጭልፋው ከተገለበጠ በኋላ ቆሞ አስቧል። ከውስጥ የረሺድ ድምፅ፣ ዝቅ ያለ፣ ይሰማ ነበር። ያንን ድስት ደፍቶ፣ በቀረው ዓሣ ውሃ ውሃ የሚል ነገር መሥራት ይችል ነበር። እንደገና ቀመሰው። ኦርላንዶ እንኳ እንዲህ አድርጎ አልሠራውም። «አንድ ጭልፋ ነች» አለ በልቡ። «ኦሪት የከለከለውን የበላሁት እኔ ራሴ ምን ሆንኩ? ሰማይ መች ተደፋብኝ?» የራሱን አጥር ዘሎ የለመደ ሰው የጎረቤቱንም አጥር እንደ አጥር አያየውም።

ረሺድ ጋቢውን አጥፎ ወጣ። አንድ ትልቅ ሳህን መሀል ላይ ቀረበ።

«ቢስሚላህ» አለ ረሺድ።

ያቺ ቃል ለገብሬ አዲስ አልነበረችም። ብዙ ጊዜ ሰምቷታል፤ ዛሬ ግን ፊርማ መሰለችው፤ ረሺድ እሱን አምኖ የፈረማት።

«ወላሂ!» አለ ረሺድ ጉንጩ ሞልቶ፣ ዓይኑ ከቃሪያው እንባ አቅርሮ። «ወላሂ፣ አንተ ቀጣፊ አይደለህም! እስከ ዛሬ ጉራ ነው ብዬ ስሰማህ የኖርኩት... አንሣ እንጂ! አብረን ልንበላ አይደል እንዴ?»

ገብሬ አነሣ። ረሺድ ትልቁን ጋምበሪ መርጦ በእጁ አጎረሰው። ገብሬ ዋጠው።

በሰለች ተመለሰች። ወደ ምድጃው ሄዳ ክዳኑን ከፈተች።

«መረቄን ማን አጎደለብኝ?»

ረሺድ ማኘኩን አላቆመም። ገብሬ ግን ሳያስበው መለሰ፦ «ተንኖ ነው። እሳቱን አበዛሽው።»

በሰለች ባሏን አየችው። ከዚያ ሳህኑን አየች። ክዳኑን መልሳ ገጠመች።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ገብሬ ምናልባት ይዞት ይኖር ነበር። ሰው ስንት ነገር ይዞ ይኖራል! ረሺድ ግን እጁን ታጥቦ ሲያበቃ፣ «ምሳ ዕቃ ስጡኝ» አለ። «ለእናቴ እወስድላታለሁ። አባቴ ከሞተ ወዲህ አፏ እህል እምቢ ብሏል። ‹ገብሬ የሠራውን ዓሣ ይዤልሽ እመጣለሁ› ብዬ ልኬባታለሁ፤ እሷም ‹የዚያን ልጅ እጅ ሳልቀምስ አልሞትም› ብላ እየጠበቀች ነው።» የእሱ ከባድ መኪና የአልዩ አምባን ቁልቁለት አይወርድም፤ ወደዚያ የሚሄደው የጎረቤላው መኪና ሊነሣ ነውና ቸኩሏል። ራሱ ጠቅጥቆ ሞላ፣ ክዳኑን ገጠመ፣ ሁለቱንም ስሞ ወጣ።

እማማ ኩብራ፣ የረሺድ እናት። ገብሬ ከአባቱ ጋር አልዩ አምባ ሲወርድ የእርሷ ቤት ነበር የሚያድሩት። አንድ የፋሲካ ሰሞን፣ እነዚህ ክርስቲያኖች ጾም ፈትተው ሽሮ አይበሉም ብላ፣ ከገበያው አንድ ክርስቲያን ነጋዴ ለምና አምጥታ ዶሮ አሳረደች። ድስቱንም ያልተነካ አዲስ አወጣች። ሙያተኛ ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ወጡን ራሷ አልቀመሰችውም። ጨዉ በዝቶ ነበር። ሳትቀምስ በግምት ነው የሠራችው፤ የእነርሱን ሕግ ለመጠበቅ የራሷን ሳትጥስ።

«ገብሬ» አለች በሰለች፣ ጀርባዋን እንደ ሰጠች። «መረቅ እንዲህ አይተንም።»

ገብሬ ባዶውን ሳህን አነሣ።

«እማማ ኩብራ ሊበሉት ነው?»

ገብሬ ጫማውን በቅጡ ሳያደርግ ሮጠ። ነፋሱ ፊቱን ይመታዋል። ብዙ ሰዎች «ኩባው፣ ምን ሆንክ?» ይሉታል፤ አይመልስም። የአንኮበር መንገድ መነሻ ላይ ሲደርስ መኪናው ሞተሩን አስነሥቷል። ረሺድ ምሳ ዕቃውን በፎጣ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ፣ እግሩን ወደ መወጣጫው አንሥቷል።

«ምነው? ምን ረሳሁ?»

«ውረድ።»

ረሺድ ፊቱን ሲያየው ወረደ። ገብሬ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ተናገረ። ማሳመሪያ አልጨመረበትም። መረቅ ጨመርኩበት አለ። የበሬ ነው፤ የእኛ አራጅ ያረደው። ወጡ ቀጥኖብኝ ነው። አንተ ስትሰግድ።

ረሺድ ያቀፈውን ምሳ ዕቃ ከደረቱ አራቀው።

«ረስተህ ነው?»

ያችን የማምለጫ በር ከፍቶ ሰጠው። ገብሬ ቢገባባት ማንም አያየውም ነበር።

«አልረሳሁም» አለ።

«እሺ» አለ ረሺድ። «የእኔስ ቀላል ነው። ሳያውቅ የበላ ሰው ኃጢአት የለበትም። አላህ መሐሪ ነው። አንተ እንዴት እንደምትሆን ግን አላውቅም፤ በእናንተ ዘንድ እንዴት እንደሆነ አላውቅም።»

«ልክ ነህ፣ ስደበኝ።»

«ምን ብዬ? ከአሰብ ድረስ በረዶ እየቀየርኩ ይዤ የመጣሁት ለጣዕሙ መስሎህ ነበር? ውሃ ውሃ ቢል እበላው አልነበረም እንዴ?»

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ረሺድ ፎጣውን ፈትቶ ለራሱ ያዘ፤ ምሳ ዕቃውን ለገብሬ ዘረጋለት።

«አብሬህ ልውረድና እኔው ለእማማ ልንገራቸው» አለ ገብሬ።

«አትነግራትም። ከነገርካት ታዝንልሃለች። ‹ልጄ ጨንቆት ነው› ትላለች፤ ታቅፍሃለች። ዛሬ እንድታቅፍህ አልፈልግም።» እግሩን መወጣጫው ላይ አደረገ። «ዓሣው መንገድ ላይ ተበላሸ እላታለሁ። አየህ፣ እኔንም አስዋሸኸኝ።»

መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። ገብሬ ምሳ ዕቃውን ይዞ ቆመ። ለማን ይሰጠዋል? ለበሰለች እንዳይሰጥ ኦሪት ከልክሏታል፤ ለረሺድ ወገን እንዳይሰጥ መረቁ አለበት። በዚያ አገር ከነበሩት ሁለት ሕጎች አንዱም የማይቀበለውን ምግብ በገዛ እጁ ሠርቷል። ይደፋው እንደሆነ ዙሪያውን አየ፤ ሆኖም ረሺድ ከአሰብ የተሸከመውን መንገድ ዳር መድፋት ሌላ ድፍረት ሆነበት።

ከመንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ክዳኑን ከፈተ። ስልባቦቱ በብርዱ ረግቶ ነጭ ሆኗል። በጣቱ አንሥቶ ጎረሰ። ቢመርረው፣ ቢያቅለሸልሸው ደስ ባለው። ይጣፍጥ ነበር። ያቺ አንድ ጭልፋ ሥራዋን በደንብ ሠርታለች። እያኘከ፣ መኪናው የጠፋበትን አቀበት እያየ፣ እስኪያልቅ ድረስ ብቻውን በላው።