ጎረቤታችንና የባሕሩ ጭቃ

የልጅ ልጆቼ «የዚያን ባሕር ነገር ንገሪን» ብለው ይዘውኛል። እኔ ስጀምር ወሬው ወዲያ ወዲህ ይወስደኛል፤ ታገሡኝ።

ያኔ የምንኖረው ስዊድን አገር፣ ሁስቢ የሚባል ሰፈር ነበር። ልጄና ባሏ ዮርድብሩ ከሚባል ሰፈር አለፍ ብሎ ባሕር ዳር አንዲት የእንጨት ቤት ገዙ፤ ስቱጋ ይሏታል፣ የበጋ ቤት ነች። መጀመሪያ ስንሄድ ውሃው ጥርት ያለ፣ ከታች ጠጠሩ የሚታይ ነበር። ትልቋ የልጅ ልጄ እዚያው መዋኘት ጀመረች። ዓመት ዓመትን ሲወልድ ግን ድንጋዩ አረንጓዴ ፀጉር አበቀለ። ከዚያ ጥቁር ጭቃ መጣ፤ ሲረግጡት የገማ እንቁላል ይሸታል። ልጅቷ እግሯን ሰብስባ አልገባም አለች። ዋናው ሊቀርባት ነው።

እኔ ዓይኔን የጣልኩት ጎረቤታችን ላይ ነው። ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ፣ ሰላምታው እንኳ በአገጩ። ጠዋት ጠዋት ጋሪውን በሸራ ሸፍኖ ወደ ውሃው ይወርዳል። ሲወርድ እንጂ ሲመለስ አላየውም። ምን ይደፋል? ውሃው የተበላሸው እኛ ከመጣን ወዲህ ነው። ለቀን እንድንሄድለት ይሆናል አልኩ።

የልጄ ባል ይስቅብኛል። «እማማ፣ ሰውዬውን ሊያሳስሩት ነው እንዴ?»

«አንተ ሳቅ። ሰውን ማመን ቀብሮ ነው።»

አንድ ቀን ልጅቷን ይዤ ወረድኩ። «ምንድን ነው የምትደፋው በይልኝ።» በስዊድንኛ ብዙ አወራች፤ ጥያቄዬን እንዳለሰለሰችው ገባኝ። ሰውዬው ሸራውን ገለጠ። ከሥሩ መንሽ ብቻ።

«አይደፋም፣ ያወጣል» አለችኝ። «አረንጓዴውን እየጠረገ ድንቹ ሥር ያደርገዋል። ልጅ ሳለ እዚህ ታች እስከ ጉልበት የሚደርስ ቡናማ ተክል ነበር፣ ዓሣ ይደበቅበት ነበር ይላል። ቀስ በቀስ ጠፋ።»

«ማን አጠፋው?»

«ከእርሻ በዝናብ የሚታጠብ ማዳበሪያ፣ አለ።»

«እሱስ ድንች አያበቅልም?»

ይህን አልተረጎመችለትም። እኔም አላመንኩትም። ልጅቷ ዋናዋን ከተማ ገንዳ ውስጥ ጨረሰች፤ ከጎረቤታችን ጋር እንደተኮራረፍን ቀረን።

ብዙ ዓመት ቆይቶ ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ አዲስ የፍሳሽ መስመር ሲያስገባ ግቢያችን ተቆፈረ። አሮጌ ቱቦ ወጣ። የልጄ ባል ተከትሎት ሄደ፤ ቱቦው ከወጥ ቤታችንና ከመጸዳጃ ጉድጓዳችን ተነሥቶ፣ ልጅቷ ትዋኝበት ከነበረው ቦታ ባሕሩ ውስጥ ይገባል። ከጎኑ የሽማግሌው ቱቦ ነበር፣ ከእሱ ቀጥሎም የሌሎቹ ጎረቤቶች።