ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ጆንያ

ትናንት ከግራና የመጣ ሹፌር አንድ ፌስታል የተቆላ ለውዝ አደረሰኝ። የላኩልኝ እትዬ ዘሐራ ናቸው። ለውዙ ከሰል መስሏል፤ ፌስታሉን ስፈታ ቀድሞ የመጣው የማረር ሽታ ነው። እኔ ደግሞ ለውዝ ባሸተትኩ ቁጥር ሐሳቤ ወደ ጦርነቱ ክረምት ይሄዳል።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ሥራዬ ሲሰሙት ያስቃል፤ ሻጋታን በሻጋታ ማባረር። ለውዝ ላይ የሚወጣ አንድ ሻጋታ ጉበት የሚጎዳ መርዝ አለው። የእሱው ዘመድ የሆነ፣ መርዝ የማይሠራ ሌላ ሻጋታም አለ። ይህን ደጉን በተቀቀለ ማሽላ ላይ አሳድገን፣ ለውዙ ሳይነቀል ማሳው ላይ እንበትነዋለን። ቦታውን ቀድሞ ይይዝና ክፉውን መግቢያ ያሳጣዋል። ማሽላዬን ታቅፌ ከመርሳ በባጃጅ ግራና ስደርስ፣ የማሳው ባለቤት አያ ይማም፣ የእትዬ ዘሐራ ባል፣ "ሰው ሻጋታ ይጠርጋል፣ አንተ ልትዘራልን መጣህ!" እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ምርቱ ሲገባ እነ አያ ይማም ቤት ሁለት ጆንያ ለየን። ደጉ ሻጋታ ከተበተነበት ማሳ የመጣውን በአረንጓዴ፣ ካልተበተነበት የመጣውን በቀይ ጨርቅ አሰርን። ጎን ለጎን መክረም ነበረባቸው፤ ያለዚያ ምን ከምን እናነጻጽራለን? ዝናቡ ሲበረታ ቀዩ ሻገተ፤ እጅ ሲገባበት አቧራው ያስነጥሳል። የአረንጓዴው ለውዝ ግን ሲፈለፈል ጽዱ ነበር። በደስታ መሬት አልበቃኝም። አያ ይማም ቀዩን ሊጥሉት ፈለጉ፤ እስኪመረመር ይቆይ አልኳቸው።

"አደራ፣ ለፍየልም እንዳይሰጡት። ቢቆሉትም መርዙ አይለቅም።"

"ኧረ አብሽር! ማን ሊነካው።"

ከዚያ ጦርነቱ ደረሰ። ቤተ ሙከራችን ያለበት ወልድያ መብራት ጠፋ፤ እዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያኖርኩት የደጉ ሻጋታ ዘር ተበላሸ። እኔም ከሰዉ ጋር በጭቃው ወደ ደቡብ ሸሸሁ።

ከወራት በኋላ መንገዱ ሲከፈት ግራና ሄድኩ። አያ ይማም ከስተው ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል። ጆንያዎቹ አልነበሩም።

"ታጣቂዎች ገቡ" አሉኝ። "ሁለቱንም ፈትተው አሸተቱ። አረንጓዴውን ተሸክመው ሄዱ፤ ቀዩን ተዉልን።"

"ቀዩስ የት አለ?"

"በላነው።"

"ነግሬዎት ነበር እኮ፣ አያ ይማም!"

"ነግረኸኛል። ወላሂ አልረሳሁትም። እህሉ ሲያልቅ ምን እንብላ?"

እትዬ ዘሐራ ሰምተው ከጓዳ ወጡ። "ልጄ፣ አጥቤ ቆልቼዋለሁ። እሳት ካየ መርዙ ይወጣል አይደል?"

አፌን ስከፍት አያ ይማም ቀደሙኝ። "ወጥቷል፣ ወጥቷል። እሱም ያውቃል" አሉ፣ ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ።

"አዎ፣ ወጥቷል" አልኩ።

አያ ይማም አምና አረፉ። ጉበት ነው አሉ። በዚያ ለውዝ ይሁን በሌላ፣ ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ሙከራችን ሠርቶ ነበር፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ያን ሁሉ የለፋነው ለሌላ ሰው ሆድ ሆነ፤ ለባለቤቶቹ የተረፈው ለማነጻጸሪያ ያስቀመጥነው መርዝ ነው። ማሳውም ያንን ደግ ሻጋታ ዳግመኛ አላየም።

ሹፌሩ መልእክትም ነበረው። "አጥብቄ ቆልቼዋለሁ፣ ሳትሰጋ ብላ ብለውሃል" አለኝ።

አንዷን አፌ ከተትኩ። ከማረር በቀር ሌላ ጣዕም አልነበራትም።