ከጉልበቱ ሥር ያደረግሁት ትራስ

ይህን ልጄ ማርታ አታውቅም። መጋቢያችንም አያውቁም። ባለቤቴ ማርቆስ ሳያውቀው ሞተ። አንባቢዬ ሆይ፣ መጀመሪያ የምነግረው ለአንተ ነው። ፊትህን ስለማላይ ይሆናል የደፈርኩት።

ማርቆስ ከአርቦሬ እስከ ካንጋተን ባለው ቆላ ከብት ሲከትብ ዕድሜውን በእግሩ የጨረሰ ሰው ነበር። ጡረታ ሲወጣ ቀኝ ጉልበቱ ተበልቶ እግሩ እንደ ደጋን ጎብጦ ነበር። አዲስ አበባ ወሰድኩትና በሰው ሠራሽ ጉልበት እንዲቀየርለት ተወሰነ። ሐኪሙ ትሑት ሰው ነበሩ፤ በጣታቸው እያሳዩ አስረዱን።

«በውስጥ በኩል ያለው ጅማት አጥሮ ከርሯል፤ የውጭው ላልቷል። አጥንቱን ብቻ ብቀይረው ይንጋደዳል። የከረረውን በጥቂት በጥቂቱ እያላላሁ፣ ሲዘረጋም ሲታጠፍም ሁለቱ እኩል እስኪይዙ አመጣጥናቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእናንተ ነው። በየቀኑ እጠፉት፣ ዘርጉት። ከሥሩ ትራስ እንዳታደርጉ፤ ግማሽ እንደታጠፈ ይደርቃል።»

ይህን በገዛ እጄ ደብተር ላይ ጻፍኩት። አላወቅሁም ልል አልችልም።

ቀዶ ሕክምናው ተደርጎለት ጂንካ ወደ ቤታችን ተመለስን። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጬ እግሩን ወደ ኋላ ስገፋው መጀመሪያ ላይ ይቀልድ ነበር። «ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ ያለሁት? እሺ፣ ሁሉንም አምናለሁ፣ ልቀቂኝ!» አብረን እንስቅ ነበር። ከሳምንት በኋላ ቀልዱ ቀረ፤ ይጮህ ጀመር።

አንድ ቀን እንዲህ ሲጮህ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሊጠይቁት ገቡ። ጎረቤታችን ደረቷን ይዛ፣ «ምነው የማርታ እናት! በሽተኛን ያስተኙታል እንጂ እንዲህ ያሠቃዩታል? ጡረታውን ልትወርሺ ቸኩለሻል እንዴ?» አለች። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ግን አፈርኩ። እግሩን ለቀቅሁት። ትራስ አምጥቼ ከጉልበቱ ሥር አደረግሁ። ፊቱ ፈታ አለ። «ተባረኪ» አለኝ።

በማግሥቱም አደረግሁት። በሦስተኛውም ቀን። ራርቼለት ነው? ለራሴ እንደዚያ እለው ነበር። ግን ርኅራኄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሐኪሙ ለምን ዋሸሁ? ደውለው «ሲቀመጥ ተረከዙ ወደ ኋላ ታጥፎ ወንበሩ ሥር ይገባል?» ሲሉኝ፣ «ይገባል፣ ዶክተር» አልኩ። አይገባም ነበር። ጨካኝ ሚስት እንዳልባል ፈርቼ እግሩ እንዲደርቅ ተውኩት። እኔ ተውኩት።

ከወራት በኋላ አዲስ አበባ ስንመለስ እግሩ አይዘረጋም፣ አይታጠፍም። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ደጋግመው አዩ። ከዚያ በማርቆስ ፊት እንዲህ አሉ። «በደንብ እየታጠፈ ነው ተብዬ ነበር። እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን አይቀርም። ጅማቱን አጥብቄ ትቼው ይሆናል። ከእንግዲህ ለሌሎች በሽተኞች ይበልጥ ማላላት ይኖርብኛል።»

ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔ ወለሉን አየሁ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

እንደገና ከፍተው ሊያስተካክሉት ጠየቁት። ማርቆስ፣ «በዚህ ሰው እጅ ሁለተኛ አልገባም» አለ። እውነቱን ቢያውቅ ኖሮ ይገባ ነበር። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ በዱላ እያነከሰ፣ ያን ሰው እየረገመ ኖረ። ሲረግም አጠገቡ ተቀምጬ ዝም እል ነበር። ለቅሶው ላይ እንኳ ሰዎች፣ «ሐኪም ነው ያበላሸው» ሲሉ አላረምኳቸውም።

አሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላ ነው። ሐኪሙ ያን ቀን ያሉትን አድርገው ቢሆንስ? በእኔ ውሸት የተነሣ የሌላ ሰው ጅማት ከሚገባው በላይ ላልቶ፣ ዛሬ አንድ የማላውቀው ሰው ጉልበቱ እየከዳው ይወድቅ ይሆን?

ማርቆስን ይቅርታ ልጠይቀው አልችልም፤ መርቆኝ ነው የሄደው። እርስዎን ግን፣ ዶክተር፣ ይህ ከደረሰዎት፣ ይቅር ይበሉኝ ከማለቴ በፊት እውነቱን ይወቁልኝ። ጅማቶቹን በትክክል ነበር ያመጣጠኗቸው። እግሩን ያደረቅሁት እኔ ነኝ።