ነጩ ባንዲራዬ

ከዚህ ቢሮ ልልቀቅ ብዬ ሁለት ጊዜ ማመልከቻ ጽፌያለሁ። የመጀመሪያውን አለቃዬ አንብቦ ሳቀበት። ሁለተኛውን ሳያነበው አጣጥፎ ኪሱ ከተተና «ዶክተር፣ አንተ እኮ የገጠሩ ምስክራችን ነህ፤ ወዴት ነው የምትሄደው?» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ካዛንቺስ ሰባተኛ ፎቅ ላይ የተቀመጥኩት ፖሊሲ ስለማውቅ አይደለም። ጭቃ የረገጠ ሐኪም ስለሚፈልጉ ነው። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር «ዶክተር ከታች የመጣ ሰው ነው» ብለው ያስተዋውቁኛል፤ እኔም ብድግ ብዬ እጅ ነስቼ እቀመጣለሁ። በቃ፣ ሥራዬ ይሄ ነው።

ከታች እንዴት እንደመጣሁ ደግሞ ልናገር። ስድስት ዓመት የአንድ ሩቅ ወረዳ ብቸኛ ሐኪም ነበርኩ። ጤና ጣቢያችን ኦፕሬሽን ክፍል አልነበረውም፤ ዛሬም የለውም። ምጥ የጠናባት እናት ወደ ዞኑ ሆስፒታል አራት ሰዓት ትጓዛለች፤ ያውም አምቡላንሱ ካልተበላሸ፣ ወንዙም ካልሞላ። እናቶች ቤታቸው መውለዱን ትተው ቀደም ብለው ወደ እኛ እንዲመጡ ያላደረግነው ነገር የለም። ማረፊያ ቤት ሠራን፣ ገንፎ አገነፋን፣ ለመንን፣ ተቆጣን። ከዚያ እኔ ብልጡ አንድ ነገር አመጣሁ። ዓመት ሙሉ አንዲት እናት ቤቷ ያልወለደችበት ቀበሌ ነጭ ባንዲራ ይሰቀልለት፤ አንዲት እንኳ ቤቷ ከወለደች ባንዲራው ይውረድ። ያገሬን ገበሬ አውቀዋለሁ፣ ስሙ ከሚጠፋ እጁ ቢቆረጥ ይሻለዋል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠብቃል አልኩ። ደንቡን በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት፤ «ቤቷ የወለደች ትቀጣለች» የሚለውንም ጭምር።

የመጀመሪያው ባንዲራ የተሰቀለ ዕለት ሰንጋ ታረደ። ሹማምንት ከክልል ድረስ መጡ። እኔ ንግግር ሳደርግ አዋላጃችን በቦታው አልነበረችም። ሲስተር ነው የምላት፤ ስድስቱንም ዓመት አብራኝ ሠርታለች። ምላሷ እሬት ነው፣ እጇ ግን ወርቅ። በዓሉ ሊያልቅ ሲል ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ መጣችና ጆሮዬ ሥር «ዶክተር፣ ከኮረብታው ጀርባ አንዷ ቤቷ ወልዳለች። ደህና ናት። ባንዲራውን ምን እናድርገው?» አለችኝ። ሹማምንቱ ሥጋ እየቆረጡ ነው። ፎቶ አንሺው ይጠብቀኛል። «ጤና ጣቢያ እንደወለደች አድርገሽ መዝግቢ» አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ሄዳ መዘገበች።

በዚያ ባንዲራ ነው ለሹመት የበቃሁት። በሚቀጥለው ምርጫ ለክልል ምክር ቤት አቀረቡኝ፣ የተቀናቀነኝም አልነበረም። «ሹመት ያዳብር» ተባልኩ። ጓደኞቼ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያሉ ቀለዱብኝ። ከምክር ቤቱ ደግሞ የእናቶች ጤና አማካሪ ተብዬ ወደ አዲስ አበባ ተጠራሁ። መስቀል ፍላወር የመንግሥት ቤት ተሰጠኝ፤ ልጆቼ እዚሁ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ባለቤቴ ሱቅ ከፈተች። እኔ ግን ይኸው ስምንት ዓመት ሙሉ የአንድ በሽተኛ ሆድ ዳስሼ አላውቅም። ዛሬ ወደ ሕክምናው ልመለስ ብል የሚያዝንልኝ በሽተኛው ነው። ወደፊትም ወደኋላም የማልል ሰው ሆኛለሁ፤ ይህንንም ለባለቤቴ እንኳ አልነግራትም።

ባለፈው ክረምት አንድ ሰኞ ጠዋት ከጥበቃዎቹ ተደወለልኝ። አንዲት ሴት ዶክተሩን ሳላይ አልሄድም ብላ በሩ ላይ ቆማለች አሉኝ። ወረድኩ። ሲስተር ናት። ጃንጥላዋን እያራገፈች «ወፍረዋል» አለችኝ፣ ከሰላምታው በፊት።

ድሮ ቢሆን ሁለት እርምጃ ሄደን አንዷ ሻይ ቤት እንገባ ነበር። ያ የማውቀው ካዛንቺስ ፈርሶ ሰፊ መንገድ ሆኗል፣ እንዲህ ዓይነቱን ወሬ የሚያወሩበት ጓዳ የለውም። በመኪና ደምበል ወሰድኳትና አንድ ካፌ ጥግ ላይ ተቀመጥን። ማኪያቶዋን ሳትነካ የመጣችበትን ነገረችኝ።

በዚያችው ባንዲራ በሰቀልንባት ቀበሌ አንዲት የሦስት ልጆች እናት ምጧ ድንገት መጣ፤ አንድ ጠዋት ቤቷ ወለደች። ሕፃኑ ደህና ነበር። የእሷ ደም ግን አልቆም አለ። ባሏ አምቡላንስ አልጠራም። አምቡላንስ ከመጣ ቤቷ መውለዷ ይታወቃል፤ ይቀጣሉ፤ ባንዲራው ይወርዳል፤ ሰፈሩ በሙሉ «ባንዲራችንን ያስወረደ» እያለ ይጠቋቆምበታል። ይቆምላት ይሆናል ብሎ እስከ ከሰዓት ጠበቀ። በቃሬዛ ይዘዋት ጤና ጣቢያ ሲደርሱ አልፋለች።

«ደም የሚያቆም አንድ መርፌ ነበር የሚያስፈልጋት» አለች ሲስተር። «ጤና ጣቢያው ፍሪጅ ውስጥ ሞልቷል። አንድ መርፌ፣ ዶክተር።»

የሞቱን ቅጽ የሞላችው እሷ ናት። የወለደችበት ቦታ በሚለው ላይ «ቤት» ብላ ጻፈች። የወረዳው ኃላፊ «መንገድ ላይ ብለሽ አስተካክዪ» አላት፤ እምቢ አለች። በሐሰት ሪፖርት ተከሳ ከሥራ ታገደች። የዲስፕሊን ኮሚቴው ዓርብ ይሰበሰባል፤ ከተባረረች ደግሞ በዚያ አካባቢ የሚቀጥራት የለም።

«እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው» አለችኝ። «ሐሙስ ባንዲራውን ለአገሩ ሁሉ ልታጸድቁት ነው ሲሉ ሰማሁ። ተነሥተው እዚያ ቀበሌ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቤት ይወለድ ነበር፣ እኔም አውቅ ነበር ይበሉ። እርስዎ ካሉ እኔን ውሸታም የሚለኝ የለም።»

ምን ልበላት? ሐሙስ የሚጸድቀው ባንዲራው ብቻ አይደለም። ኦፕሬሽን ክፍል ቀድሞ የሚሠራላቸው ወረዳዎች ዝርዝርም አብሮ አለ፤ ቅድሚያው ባንዲራ ለሰቀሉ ሞዴል ወረዳዎች ነው። የእኛ ወረዳ አንደኛ ተራ ላይ ነው። እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ሦስት ዓመት የሰው ደጅ ጠንቼ። አፌን ከከፈትኩ ሞዴልነቱ ይቀራል፣ ኦፕሬሽን ክፍሉም ለሌላ ይሄዳል። ይህንኑ ነገርኳት። ሁለት ዓመት ብቻ ታገሺ፣ ክፍሉ ይሠራ አልኳት።

«ይሠራ» አለች። «እናቶቹ እንደሆኑ ቤታቸው ተደብቀው ነው የሚወልዱት። ማን ይመጣበታል?»

መልስ ሳጣ እቆጣለሁ፣ አመሌ ነው፤ አስተናጋጇን ሻዬ ቀዘቀዘ ብዬ ጮህኩባት። በመጨረሻ «እናገራለሁ» አልኳት። «አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል» አለችኝ። «እርስዎ ግን አልተኙም መሰለኝ።» ቄራ እኅቷ ጋ አደረችና በማግስቱ ወደ ወረዳዋ ተመለሰች።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ የምናገረውን ጻፍኩ። አምስት መስመር ነው። በቃሌ ያዝኩት። ሐሙስ ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሏል። አለቃዬ እንደ ልማዱ «ዶክተር ከታች የመጣ ሰው ነው፤ ባንዲራው የእሱ ልጅ ነው» ብሎ ዕድሉን ሰጠኝ። ተነሣሁ። ማይኩን ያዝኩ። ሁሉም ፊት ፈገግ ብሎ ያየኛል፤ ከዚያ ሁሉ ሰው የሚጠላኝ አንድም የለም። አምስቱ መስመሮች ምላሴ ላይ ነበሩ።

«ባንዲራው ሲጀመር አንዳንድ ተግዳሮቶች ነበሩ» አልኩ። «በሂደት ተቀርፈዋል።»

ተጨበጨበ። ተቀመጥኩ። መመሪያው ጸደቀ፤ ዝርዝሩም ጸደቀ፣ ወረዳችን አንደኛ። ፈራሁ፣ ሌላ ስም የለውም። ኦፕሬሽን ክፍሉን አስቤ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ኦፕሬሽን ክፍሉንም አስቤያለሁ፣ አልዋሽም። የመንግሥት ቤቱንም፣ የልጆቼን ትምህርት ቤትም አስቤያለሁ። እነዚህን አንዱን ካንዱ መለየት አቅቶኛል፤ እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጬ ራሴን ተጸየፍኩት።

ለምሳ ሲወጣ ደረጃው ላይ ወረድኩና ዓይኔን በጨው አጥቤ ደወልኩላት። ኦፕሬሽን ክፍሉ ጸደቀ አልኳት። ያንቺን ጉዳይ ደግሞ ለወረዳው ኃላፊ በስልክ እነግርልሻለሁ፣ ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን አልኳት። ብዙ አወራሁ።

«አልተናገሩም ማለት ነው» አለችኝ።

«ሲስተር፣ ነገሩ እንደምታስቢው አይደለም።»

«የሟቿ ባል አጠገቤ ነው» አለች። «ለነገው ሊመሰክርልኝ መጥቶ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተቀምጠናል። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለእሱ ይንገሩት።» ስልኩን ሰጠችው።

ትንፋሹ ይሰማኛል። እሱ ቀደመኝ። «ዶክተር» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ። «እርስዎን አግኝቼ ይቅርታ ልጠይቅ ስመኝ ነበር። ያን ያህል ደክመው የሰቀሉልንን ባንዲራ ያበላሸሁብዎ እኔ ነኝ። ሚስቴ ሲስተርን ጥራልኝ ብላኝ ነበር። ስማችን ይጠፋል፣ የዶክተርም ልፋት መና ይቀራል ብዬ ነው የዘገየሁት። ስለ እግዚአብሔር ብለው ይቅር ይበሉኝ።»

ደረጃው ላይ ሰዎች እየሳቁ ይወርዳሉ። አንዱ በእጁ ትከሻዬን መታ አድርጎ አለፈ። የያዝኳቸው አምስት መስመሮች አሁንም ነበሩ፤ የሚሰማኝም ሰው አንድ ብቻ ነው፣ ማይክ የለ፣ አለቃ የለ።

«አይዞህ፣ ወንድሜ» አልኩት። «ይቅር ብዬሃለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ስልኩን ለሲስተር መለሰላት። እሷም ወዲያው ዘጋችው።